የአባባ ጉደታ ቤት ማካካሻ

እኔ አፌን ስከፍት ሰው ይስቃል። ጉራዬን አይደለም የማወራችሁ። እሺ፣ ጉራዬንም ነው። ከፈረንሳይ እስከ ላምበረት «መዶሻው ታዴ» ብላችሁ ጠይቁ፤ አላውቀውም የሚላችሁ ሰው ካለ ትላንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ለምን አቆምክ ሲሉኝ «እኔ አላቆምኩም፣ ትምህርቱ ነው እኔን መከተል ያቃተው» እል ነበር። በጉልበት ግን የሚደርስብኝ የለም። ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ ቁም ሳጥን በጀርባዬ ተሸክሜ ኮንዶሚኒየም አናት ላይ አውጥቻለሁ፤ ያውም ባለቤትየዋን እያሳቅኩ።

እና ይሄን ስታነቡ መሳቅ ያለባችሁ ቦታ ላይ ሳቁ። እኔም ያኔ ስቄያለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ሳቅ የለም። ካሁኑ ልንገራችሁ፣ በኋላ አታለለን እንዳትሉኝ።

የምኖረው እንጦጦ ስር፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ የተለጠፈች ሰፈር ውስጥ ነበር። እዚያ ኳስ ካመለጠችህ ላምበረት ወርደህ ነው የምትፈልጋት። አባባ ጉደታ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ተከራይ ልበል እንጂ እንደ ልጅ ነበርኩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው ጫልቱ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ራት አብረን ነው የምንበላው። እኔ ስቀልድ አይስቁም። ጨርሼ፣ ዝም ብዬ፣ ረስቼው እንጀራ ስቆርስ ነው ድንገት ከት የሚሉት። «አንተ ቀጣፊ! ኢልመ ኮ!» ይሉኛል። ኢልመ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሌላ ሰው ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

አባባ ድሮ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ ከታች ፎቅ በፎቅ የሆነው ሜዳ ገብስ የሚያበቅሉበት ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ምትክ ቦታ ይሰጣል ተባለና ለኪዎች መጡ። በዚያን ቀን አባባ ሰንዳፋ ለቅሶ ሄደዋል። ለኪዎቹ አንኳኩ፣ የሚከፍት የለም፤ «ሰው የማይኖርበት» ብለው አለፉ። በቃ። ለጎረቤቱ ሁሉ ምትክ ሲደርስ ለእሳቸው ሳይደርስ ቀረ። ዳገቱ ላይ ወጥተው ይህችን ቤታቸውን የሰሯት ከዚያ በኋላ ነው። «ቤት ባዶ አይተውም» የምትለዋ ነገር አፋቸው ላይ እንደ ጸሎት ነበረች። ገበያ ሲወርዱ እንኳን እኔን በር ላይ ያስቀምጡኝ ነበር። «ሰው ከመጣ አለሁ በል» ይሉኛል። እኔም «አለሁ! አለሁ!» እያልኩ ለሚያልፈው ሁሉ እጮሃለሁ፣ ሰፈሩ ይስቃል።

ባለፈው ክረምት መሬቱ መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ ወለሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ታየች። «ቤቱ ሸበተ» አልኩ። ከዚያ በሩ አልገጥም አለ። ከዚያ ከግቢው በላይ ያሉት ባህር ዛፎች፣ ቀጥ ብለው የኖሩት፣ እንደ ሰካራም ዘመም አሉ። ጫልቱ በየሳምንቱ እየመጣች «አባ፣ ተነስ፣ ከእኔ ጋር ኑር» ትላቸዋለች። እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ ሲሉ ቆይተው አንድ ቀን እሺ አሉ። አልጋቸውን ፈታን፣ ዕቃቸውን በማዳበሪያ አሰርኩ። ቅዳሜ መኪና ልታመጣ ተስማሙ።

ኢንጂነሮቹ የመጡት ከዚያች ቅዳሜ በፊት ነው።

መሬቱ ይንሸራተታል አይንሸራተትም የሚለውን ሊያጠኑ ነው የተላኩት። መዶሻ የሚያነሳ ጉልበተኛ ፈለጉ፤ ሌላ ማን ሊመረጥ ነው? አለቃቸው ኢንጂነር ሰላም ትባላለች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ ስታስብ የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝክ ልጅ ናት። ስራው ቀላል ነው። የብረት ሰሌዳ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ እኔ በመዶሻ እለዋለሁ። በረጅም ገመድ ላይ የተሰኩ ትንንሽ ማዳመጫዎች አሉ፤ ጆሮ ነው የምንላቸው። ድምፁ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ጠንካራ አለት ሲነካ ተመልሶ ይመጣል፣ ጆሮዎቹ ይይዙታል፣ እሷ ላፕቶፕ ላይ ታየዋለች።

«መሬት ገደል ማሚቶ አላት ማለት ነው?» አልኳት።

«በቃ እሱ ነው! ገደል ማሚቶ» አለችኝ።

ያን ቀን ሳይንቲስት ሆንኩ። ልመታ ስል እጄን አነሳና «ጸጥታ! ተራራው ሊናገር ነው!» እላለሁ። ሴቱ፣ ህጻኑ፣ ውሻው ሳይቀር ዝም ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትር እንኳን እንደዚያ አይደመጥም።

መጀመሪያ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ጋ መታሁ። እትዬ ዘይነባ የሰፈሩ ባለሱቅ ናት፤ ምላሷ ከእኔ መዶሻ ይከብዳል። እሷ ጋ መሬቱ ቶሎ መለሰ፤ ላፕቶፑ ላይ ቁልጭ ያለች መስመር ወጣች። «አለቱ ቅርብ ነው፣ ጥሩ ነው» አለች ሰላም።

ከዚያ ወደ አባባ ግቢ ወጣን። መታሁ። ምንም። ደግሜ መታሁ። ምንም። እኔ ታዴ መትቼ መሬት ሲዘጋኝ! ሸሚዜን አውልቄ እስኪያልበኝ ቀጠቀጥኩት። ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የደከመ፣ የተንቀጠቀጠ፣ የሽማግሌ ፊርማ የመሰለ ነገር ነው።

«አትጋደል ታዴ» አለችኝ እየሳቀች፤ «ያንተ ጉልበት አይደለም። እዚህ አፈሩ ልል ነው፣ ውሃ ጠጥቷል፣ ድምፁን ይበላዋል። ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ነው አስቀድሞ የሚበላው። የጎረቤት ሰርግ ከሩቅ ሰምተህ አታውቅም? ዘፋኙ ይጠፋና ድም ድም የሚለው ብቻ ነው የሚደርስህ።»

ይሄኔ አባባ ጉደታ ኩታቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። ከኋላቸው የታሰረው ማዳበሪያ ይታያል። ጎረቤቱም አጥር ላይ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ የእኔ ቤት ስር ምን አገኛችሁ?» አሏት።

ሰላም ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ በአክብሮት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መለሰችላቸው። ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አባባ፣ የእርስዎ ቦታ ላይ የጠፋው ብዙ ነው። ግን አያስቡ፤ ማካካሻ እሰራለታለሁ።»

«ማካካሻ?»

«አዎ። ያለማካካሻ እንዲሁ መተው አይቻልም። ቢሮ ስገባ የመጀመሪያ ስራዬ የእርስዎ ነው። ጥቂት ቀን ብቻ ይታገሱኝ።»

አባባ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ሳሙት። እሷ ባህል መሰላት፤ አፍራ ሳቀች። አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። እሷ ለእኔ መዶሻ እልል የተባለ መሰላት፤ «ታዴ፣ አድናቂ አለህ ለካ!» አለችኝ። እኔስ? እኔ ዕንባዬ መጣ። ማካካሻ ምን እንደሆነ የማያውቅ በእኛ ሰፈር ማን አለ? በየስብሰባው የሰማነው ቃል ነው፤ ማካካሻ ማለት ምትክ ቦታ ነው። ሰንዳፋ ለቅሶ ሄደው የቀረባቸው ነገር ስንት ክረምት ዞሮ፣ በእኔ መዶሻ፣ ሊመለስላቸው ነው። ደረቴን ነፋሁ። «ይሄ ክንድ ነው ያስገኘው!» እያልኩ ለሰው ሁሉ አስነካሁት።

የዚያን ዕለት አባባ ማዳበሪያውን ፈቱት። አልጋውን መልሰን ገጠምነው። ለጫልቱ በእኔ ስልክ ደወሉላት። «አልመጣም። ሊለኩ ይመጣሉ። አሁን ደግሞ ቤቱን ባዶ ያግኙት?» አሏት። ጫልቱ አለቀሰች፣ እሳቸው ሳቁ። በሩ ስለማይገጥም በድንጋይ ደግፈውት ተኙ።

በማግስቱ ቀሪውን ልንመታ ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ጥግ ይዛ ጎተተችኝ።

«ና አንተ መዶሻ። የእኔ ቦታ ለምን ማካካሻ የለውም?»

«አንቺ ጋ መሬቱ ጥሩ መልሷላ! ያልመለሰለት ነው ማካካሻ የሚሰራለት።»

«ታዲያ ምን አባቱ አጣደፈው? መሬት ለመመለስ ይሄን ያህል ይጣደፋል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደገና ምታልኝ። ግን ቀስ አድርገህ። ዳበስ፣ ዳበስ። እንዳይሰማ» አለችኝ።

እንዴት እንደሳቅኩ ልነግራችሁ አልችልም። ከኋላዋ ሌሎቹም ተሰለፉ፤ «የእኔንም ዳበስ!» «የእኔን ጭራሽ አትምታው!» እያሉ። ሰላም ገመዷን እየጠቀለለች «ምንድነው የሚሉት?» ስትለኝ «እየቀለዱ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፣ የሚነገራት ነገር አልመሰለኝም። ሰው ስለ ራሱ ቦታ ቢቀልድ እሷ ምን አገባት?

ሄዱ። ዝናቡ መጣ። ዝናብ ስላችሁ የእንጦጦን ዝናብ ነው፤ ሰማዩ ከተራራው ጋር የተጣላ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ። አባባ በር ላይ ተቀምጠው ለኪዎቹን ይጠብቃሉ። መንገዱ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «አለሁ» ይላሉ ለራሳቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ሽንኩርት እያወረድኩ ስልኬ ጮኸ። ሰላም ናት።

«ታዴ፣ ማካካሻውን ሰራሁት። ወጣ!»

ጆንያውን ትከሻዬ ላይ እንደተሸከምኩ እልልል አልኩ። ወንድ ልጅ እልል ሲል አይተው የማያውቁ ወያላዎች ዞረው አዩኝ።

«ምንድነው እልልታው? ስማኝ! ቁልጭ ብሎ ነው የወጣው። አለቱ ሩቅ ነው፤ ደግሞ እንደ ጣራ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው። ላዩ ላይ ውሃ የጠጣ ሸክላ አፈር አለ። የሽማግሌው ቤት እሱ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሳሙና ላይ። እሳቸውን፣ ጎረቤቱንም ዛሬ፣ አሁን፣ አስወጣ። ለሚመለከታቸው ሁሉ ደውያለሁ፣ እኔም እየመጣሁ ነው። ግን አንተ ቅርብ ነህ።»

«እሺ፣ እሺ፣ አስወጣለሁ። ምትክ ቦታውስ የት ነው?»

«የምን ምትክ ቦታ?»

«ማካካሻውን ሰራሁት አላልሽም?»

ቀስ ብላ፣ «ታዴ፣ ማካካሻ ማለት... አፈሩ የበላውን ድምፅ መመለስ ነው። የደከመውን መስመር አጉልቶ እንዲታይ ማድረግ። ኮምፒውተር ላይ ነው የምሰራው» አለችኝ።

ሽንኩርቱ ከትከሻዬ ወርዶ ተበተነ።

«ያን ቀን እልል ያሉት...?» አለች። እየሮጥኩ ነበር።

ባጃጅ ያዝኩ። ልጁ ዳገቱ ሲጀምር «ጭቃ ነው ወንድሜ፣ አይወጣም» ብሎ ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ። ደርሼ ሰፈር መሃል ቆሜ ጮህኩ፤ «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! መሬቱ ሊሄድ ነው!»

ሳቁ።

እንዲያ ነው የሆነው። በየበሩ ብቅ ብቅ አሉና ሳቁ። አንዱ ጎረምሳ «ጸጥታ! ተራራው ሊናገር ነው!» አለ እንደ እኔ እጁን አንስቶ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። «አልቀለድኩም!» አልኩ፤ ሳቃቸው ባሰ። ስቀልድም «አልቀለድኩም» ነው የምለው።

አባባ ጋ ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ይነሱ። ማካካሻው ቦታ አይደለም። ድምፅ ነው።»

«ማል? ምን አልክ?»

«የመዶሻው ድምፅ። መሬቱ የበላውን ድምፅ ነው የምትመልሰው፣ ኮምፒውተር ላይ። ምትክ የለም። ለኪም አይመጣም።»

አዩኝና ከት ብለው ሳቁ። እኔ ስቀልድ ሁሌ ዘግይተው ነበር የሚስቁት፤ ያን ቀን ወዲያው ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ! ድምፅ ምን ማካካሻ አለው? ድምፅ ጠፋብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው አለ?»

ለሰላም ደወልኩና ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። «እሷው ትንገርዎት!» ስልኩን ጆሯቸው ስር ያዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሰላም በዚያኛው ጫፍ በሙሉ ጉሮሮዋ እየጮኸች እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እኛ ጋ የደረሰው ግን ይሄ ነው፤ «አባባ... ማካካሻው... ቦታ... ሰርቼዋለሁ... እየመጣን ነው...»

ከዚያ ተቋረጠ።

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በርቷል። «ይኸው! እሷው አለች። እየመጡ ነው።»

መልሼ ደወልኩ። አይሰራም። ደወልኩ። አይሰራም። ከመቀመጫቸው ላነሳቸው እቅፍ አደረግኳቸው፤ በከዘራቸው ክርኔን አሉኝ፣ ቀስ ብለው ግን፣ እንደ ልጅ። «ስንት ሰጡህ? ከቤቴ ልታስወጣኝ ስንት ሰጡህ?» አሉኝ። ይሄን ሲሉኝ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ፣ ቤቱ የሸበተባት መስመር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መስመሯ አሁን እጅ ታስገባለች፤ ከውስጧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

እትዬ ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ በር ላይ ቆማለች። አየችኝ።

«ታዴ እያለቀሰ ነው?» አለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ። «ያ አላህ! ይሄ ልጅ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ዞራ ወደ መንገዱ ጮኸች፤ «ኧረ ውጡ! እውነቱን ነው! እኔ ሱቄን ትቼ ወጥቻለሁ!» እሷ ሱቋን ትታ ወጣች ሲባል የሳቀ አልነበረም። ሰው ልጁን እያንጠለጠለ መውረድ ጀመረ።

አባባም ያን ጊዜ ተነሱ። ዘይነባ ሱቅ ጥላ ከወጣች ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ። ቀስ ብለው፣ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ከእሷ ጋር ወደ ታች ወረዱ። እኔ የዘይነባን እናት አዘልኩ፤ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፣ እግራቸው አይሰራም። አስፋልቱ ድረስ አዝዬ ሮጥኩ። አንድ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸውና አባባን ፍለጋ ዞርኩ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አባባስ?»

«ከኋላዬ ነበሩ... "መብራቱን ሳላበራ" ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ሰው ያለ እንዲመስል። ይደርሱብኛል ብዬ...»

ወደ ላይ አየሁ። በጉሙና በዝናቡ መሃል፣ ከሰዓት በኋላ ነው ግን ጨልሟል፣ የአባባ ጉደታ በር ላይ ያለችው አምፖል ብልጭ ብላ በራች።

«አባባ!» አልኩ። ዳገቱን ጀመርኩት።

ያኔ ባህር ዛፎቹ አንድ ላይ ጎንበስ አሉ። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አይደለም። ወፍራም ነው፣ በእግር የሚሰማ። ድም የሚለው ብቻ ነው የደረሰን። አምፖሏ ትንሽ ወደ ታች ተንሸራተተች፣ እንደበራች፣ ሰው ፋኖስ ይዞ የሚወርድ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ጠፋች።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአካፋ፣ በእጅ፣ በድስት ክዳን ቆፈረ። ማሽን መጣ፤ ጭቃው አላስወጣው አለ። ሰላም ደረሰች፣ ከእግር እስከ ራሷ ረጥባ፣ ጆሮዎቹን በጀርባዋ ተሸክማ። ገመዱን ጭቃው ላይ ዘረጋን። በህይወት ካሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይመታሉ፣ ያቃስታሉ፤ ጆሮዎቹ ይሰማሉ። እኔ እጄን አነሳሁ። «ጸጥታ» አልኩ። ያን ያህል ሰው ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። የሳቀ የለም።

ላፕቶፑ ላይ ምንም።

«ማካካሻ ስሪለት» አልኳት።

«ታዴ...»

«አፈሩ በልቶት ነው። አንቺ ነሽ ያልሽው፣ ልል አፈር ይበላል ያልሽው። ማካካሻ ስሪለት!»

«ማካካሻ የሚሰራው ተመልሶ ለመጣ ድምፅ ነው። ደካማም ቢሆን የመጣ ነገር መኖር አለበት። ምንም ካልመጣ፣ የማጎላው ዝናቡን ነው። ከልክ በላይ ካጎላሁት ዝናቡም ሰው ይመስላል።»

«ሰላም፣ በናትሽ።»

እያለቀሰች አጎላችው። ላፕቶፑ በመስመር ተሞላ። አንድ ቦታ ላይ፣ ቤቱ ነበረበት ባልነው በኩል፣ መስመሩ ድክ፣ ድክ፣ ድክ አለ። «ይኸው! ልባቸው ነው! ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። እሷ «ውሃ ሊሆን ይችላል» አለች፤ የሰማት የለም። ሁላችንም እዚያ ላይ ተረባረብን። እኔ ታዴ፣ ጉልበተኛው፣ በህይወቴ እንደዚያ ቆፍሬ አላውቅም። ጥፍሬ ወለቀ። ከታች ያገኘነው ከድንጋይ ስር የሚፈስ ውሃ ነው። ድክ፣ ድክ፣ ድክ ይላል።

አባባ ጉደታ የተገኙት ሲነጋ ነው፤ ከቆፈርንበት ራቅ ብሎ፣ አጥራቸው በር ጋ። ቤት ውስጥ አልነበሩም። አብርተው፣ ያንን የማይገጥም በር እንደ ምንም ገፍተው ቆልፈው፣ እየወጡ ነበር። ቁልፉ እጃቸው ውስጥ ነበር። ጫልቱ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈትታ ወሰደችው። የሚከፍተው በር የለም፤ ግን ወሰደችው።

እንግዲህ ገጠመኜ ይሄ ነው። ምን ቀየረህ ለምትሉኝ፣ የተሻልኩ ሰው ሆንኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አልሆንኩም። አሁንም ጉልበተኛ ነኝ፣ አሁንም ጉረኛ ነኝ። አሁንም አፌን ስከፍት ሰው ይስቃል፤ ልዩነቱ እኔ አሁን ሳቃቸውን ስሰማ ብርድ ይለኛል። ከሰላም ጋር ሌላ ቦታ መዶሻ እመታለሁ። እሷ ያችን ቃል በሰው ፊት አትጠራትም። ከየግቢው ከመውጣታችን በፊት ባለቤቱን አስቀምጬ «አሁን የነገረችህን ምን ብለህ ሰማኸው?» እለዋለሁ። እንደ ጅል ያዩኛል። ይዩኝ። እናንተም አንድ ቀን ሽማግሌ ትከሻችሁን ቢስማችሁ፣ ባህል ነው ብላችሁ አትለፉ፤ ምን ሰምተው እንደሳሟችሁ ጠይቁ።

ሰፈራችን ባዶ ናት። ሰው ተበትኗል። አንዳንዴ ዳገቱን ወጥቼ አጥራቸው በር በነበረበት ጋ እቀመጣለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ «አለሁ» ማለት ያምረኛል። አልልም።

ያን ቀን ሆስፒታል አባባን ያየቻቸው ዶክተር ልትነግረኝ ወጥታ ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ጭቃዬን፣ ጥፍሬን። «ወዲያው ነው ያረፉት፤ ምንም አልተሰቃዩም። ያኔ ሌላ ቦታ ብትቆፍሩም ለውጥ አልነበረውም» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። እውነቷን ይሁን፣ ለእኔም ማካካሻ እየሰራችልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።